ከ3.2 ጀርባ፦ መሐንዲሱ ጠበቃና የአሜሪካ የመጠጥ ሕግ

ምዕራፍ 6

በ1933 አንድ ጠበቃና አንድ መሐንዲስ አብረው መጽሐፍ አሳተሙ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጠበቃው ሬይመንድ ፎስዲክ፣ መሐንዲሱ አልበርት ስኮት ይባላሉ። ጥናቱን ያዘዘው ጆን ዲ. ሮክፌለር ታናሹ ነው፤ አልኮል በአፉ የማይዞር፣ የመጠጥ ክልከላውን ለዓመታት በገንዘቡ ጭምር የደገፈ ሰው ነበር። በ1932 ግን ክልከላው የታሰበውን ፍሬ እንዳላፈራ፣ እንዲያውም ሰው ሕግን እንዲንቅ እንዳደረገ በአደባባይ ጽፎ አቋሙን ለወጠ። ለሁለቱ ሰዎች የሰጣቸው ጥያቄ አጭር ነበር፦ ክልከላው ሲነሣ ምን ይተካው?

የአሜሪካ የመጠጥ ሕግ እስከ ዛሬ የሁለቱም ሙያ አሻራ አለበት። ሕጉን ገልጦ የሚያነብ ሰው መብትና ቅጣት አገኛለሁ ሲል የሙቀት መጠን፣ ክብደት፣ በመቶኛና ግራም ያገኛል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጋዝ በግራም ይለካል፤ ቀረጡ የሚሰላው በ15.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ አንድ መጠጥ በየትኛው መሥሪያ ቤት ሥር እንደሚወድቅ የአንድ ነጥብ ልዩነት ይወስነዋል። ከምህንድስና ወደ ሕግ የተሻገረ ሰው እንዲህ ያለውን ገጽ ሲያይ አይደነግጥም። ይህ ምዕራፍ ስለዚህ ባለሙያ ነው፤ ከቀድሞ ሙያው ይዞት ስለሚመጣው ነገርና እኔ ከዚያ የበለጠ ከባድ ነው ብዬ ስለማምነው፣ ሊተወው ስለሚገባው ልማድ።

መንገዱ ራሱ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አምስት ዓመት ይማረዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን በማንኛውም ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ነው ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው፤ ሦስት ዓመት ተምሮ የጠበቃነት ፈተናውን ይወስዳል። አንድ ክፍል ውስጥ የሙዚቃ ምሩቅ፣ ነርስና የኬሚካል መሐንዲስ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከምህንድስና የመጡት አብዛኛውን ጊዜ የሚመከሩት ወደ ፈጠራ ባለቤትነት ሕግ እንዲሄዱ ነው፤ በፓተንት ቢሮው ፊት ለመቆም የሚያስችለው ልዩ ፈተና የሳይንስ ወይም የምህንድስና ትምህርት ይጠይቃልና በሩ ለሌሎች ጠባብ ነው። የመጠጥ ሕግ እንዲህ ያለ የመግቢያ መስፈርት የለውም። ማንም ጠበቃ ሊሠራበት ይችላል፤ ለዚህም ነው የቀድሞ መሐንዲሱ የሚለይበት ነገር ከወረቀቱ ላይ የማይታየው።

የሚለይበትን ነገር ለማየት ከአንድ ቁጥር እንነሣ፤ ከ3.2።

አሥራ ስምንተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጥር 1920 ሥራ ላይ ሲውል የከለከለው የሚያሰክር መጠጥን ነበር። የሚያሰክረው የቱ ነው ለሚለው መልስ የሰጠው ቮልስቴድ የተባለው ዐዋጅ ሲሆን፣ ገደቡን 0.5 በመቶ አልኮል አደረገው። አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። በ1933 መጀመሪያ አገሪቱ በኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ ነበረች፤ መንግሥት ቀረጥ ይፈልጋል፣ ሥራ አጡ ሥራ ይፈልጋል፣ የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ ግን ገና አልተሻረም። ኮንግረስ ያገኘው መውጫ ቢራውን ትቶ የገደቡን ቁጥር መለወጥ ነበር። በክብደት 3.2 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ አያሰክርም ተብሎ ተደነገገ። የዬል ዩኒቨርሲቲው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ያንዴል ሄንደርሰን ለምክር ቤቱ ምስክርነት ሰጥቶ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመጋቢት ፈረመ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ቢራው በይፋ ተሸጠ። አሥራ ስምንተኛው ማሻሻያ የተሻረው ከዚያ ስምንት ወር ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ነው።

መሐንዲስ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚይዘው "በክብደት" የሚለውን ነው። አልኮል ከውኃ ይቀላል፤ አንድ ሚሊ ሊትሩ 0.789 ግራም ያህል ይመዝናል። በመቶ ግራም ቢራ ውስጥ ያለው 3.2 ግራም አልኮል በይዘት ሲለካ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ "3.2" የተባለው ቢራ ዛሬ ጠርሙስ ላይ በምናነበው አለካክ 4 በመቶ ነው፤ ከተለመደው 5 በመቶ ቢራ ብዙም አይርቅም። ይህን ማስላት ለመሐንዲስ ቀላል ነው። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፦ ለምን 3.2 ሆነ? ለምን 3.0 ወይም 3.5 አልሆነም?

በምህንድስና ቤት የድልድይ ብረት ውፍረት ምክንያት አለው። ጭነቱ ይሰላል፣ የብረቱ ጥንካሬ በሙከራ ይታወቃል፣ የጥንቃቄ ህዳግ ይጨመርበታል። ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው ስሌቱን ወደ ኋላ ተከትሎ እስከ መነሻው መድረስ ይችላል። የ3.2ን ፈለግ ወደ ኋላ የሚከተል ሰው ግን የሚደርሰው ወደ ቤተ ሙከራ ሳይሆን ወደ ምክር ቤት አዳራሽ ነው። ቁጥሩ የድርድር ውጤት ነው፤ ጠማቂዎቹ ሊሸጡት የሚፈልጉት፣ የፊዚዮሎጂ ሊቁ ሊመሰክርለት የሚችለው፣ የምክር ቤት አባሉም ለመራጩ ሊያስረዳው የሚደፍረው መጠን የተገናኙበት ቦታ ነው። ከምህንድስና የመጣ ጠበቃ ይህን እስኪቀበል ድረስ ጥሩ የመጠጥ ሕግ ጠበቃ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ቁጥሩ እንዴት ተሰላ ብሎ መጠየቁን ትቶ እነማን ተስማሙበት፣ ምን ፈርተው፣ ምን ፈልገው ብሎ መጠየቅ አለበት። ሕጉ የሚተረጎመው በዚያ ነውና።

ድርድሩ ካለቀ በኋላ ቁጥሩ የራሱን ኑሮ መኖር መቻሉም ያስገርማል። ኦክላሆማ ውስጥ እስከ 2018 ድረስ ሱቆች ቀዝቃዛ ቢራ መሸጥ የሚችሉት በክብደት ከ3.2 በመቶ ካላለፈ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የሚጠነክረው በልዩ የመጠጥ መደብር፣ ሳይቀዘቅዝ ይሸጥ ነበር። ካንሳስና ኮሎራዶ ቁጥሩን ከሱቆቻቸው ያነሡት በ2019 ነው። ኮንግረስ ለጥቂት ወራት መሸጋገሪያ ያወጣው መለኪያ ከሰማንያ አምስት ዓመት በላይ ኖረ። ፍሪጁ፣ መደርደሪያው፣ የፋብሪካው የምርት መስመር፣ የአከፋፋዩ ውል፣ ሁሉም በዙሪያው ተሠርተው ነበር።

ፎስዲክና ስኮት ራሳቸው ቁጥሩን አልናቁትም፤ ተገለገሉበት። ሐሳባቸው ሰውን ከጠንካራው መጠጥ ወደ ቀላሉ መሳብ ነበር። ቀላሉ ቢራ በቅርብ ይገኝ፣ ጠንካራው መጠጥ ራቅ ይበል፤ ከተቻለም ግዛቱ ራሱ ይሽጠው፣ ከሽያጩ ብዛት የሚያተርፍ ግለሰብ እንዳይኖር። ቀረጡም ከአልኮሉ መጠን ጋር ይውጣ። በዚህ ዕቅድ ውስጥ የስኮት ሙያ ይታየኛል። የሰውን ጠባይ በስብከት ለመለወጥ አልሞከሩም፤ መጠጡ የሚሄድበትን መንገድ ነው የቀየሱት።

የቀረጡን ነገር ካነሣን ዘንድ አንድ በርሜል ዊስኪ እንመልከት። የፌዴራሉ ቀረጥ የሚቆጠረው ፕሩፍ ጋሎን በሚባል መለኪያ ነው፦ አንድ የአሜሪካ ጋሎን፣ ግማሹ አልኮል የሆነ፣ በ60 ዲግሪ ፋራናይት ወይም በ15.6 ሴንቲግሬድ የተለካ። ሙቀቱ የተጠቀሰው አልኮል ሲሞቅ ስለሚሰፋ ነው። ጠንካራ መጠጥ አሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ይዘቱ ወደ 1 በመቶ ይጠጋል የሚጨምረው፤ ሙቀቱን ሳያስተካክል በሐምሌ ቀትር የለካ አምራች ያልነበረ መጠጥ ቆጥሮ ቀረጥ ይከፍላል። ቡርቦን በርሜል ሲገባ ከ62.5 በመቶ አልኮል ማለፍ አይችልም። 53 ጋሎን በዚያ ጥንካሬ 66.25 ፕሩፍ ጋሎን ነው። ሙሉው ቀረጥ ለአንዱ 13.50 ዶላር ስለሆነ በርሜሉ ወደ 894 ዶላር ቀረጥ ተሸክሟል ማለት ነው። ከ2018 ወዲህ ግን ለመጀመሪያዎቹ 100,000 ፕሩፍ ጋሎኖች ቀረጡ 2.70 ዶላር ሆኗል፤ አነስተኛ አምራች ለዚያው በርሜል 179 ዶላር ገደማ ይከፍላል ማለት ነው። ቀረጡ የሚቆረጠው ደግሞ መጠጡ ከመጋዘን ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይደለም፤ በእንጨቱ በኩል በዓመታት ውስጥ የሚተነው በሕግ እንደ ተፈጥሯዊ ጉድለት ይታያል። ጉድለቱ ከተለመደው ሲበልጥ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ጥያቄ ያነሣል፤ ያን ጊዜ ጠበቃው የበርሜሉን እርጥበት፣ የመጋዘኑን ፎቅና የሙቀት መዝገቡን አንብቦ መጠጡ ተንኖ እንጂ ተሰርቆ እንዳልጎደለ ማስረዳት መቻል አለበት።

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ጠጅ ጥሎ በጠርሙስ ለመሸጥ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አለ እንበል። ለራሱና ለቤተሰቡ ቢሆን ችግር የለበትም፤ የፌዴራሉ ሕግ አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት 200 ጋሎን ወይን ያለ ቀረጥ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል፤ የማር ጠጅም በዚህ ይገባል። አንዲት ጠርሙስ ሊሸጥ ያሰበ ዕለት ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። የአልኮልና የትምባሆ ቀረጥና ንግድ ቢሮ፣ በአጭሩ ቲቲቢ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ እንደ ወይን አምራች ይመዘግበዋል።

እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ጠበቃ ዋጋ በግልጽ ይታያል። ሕጉ የማር ወይንን ያውቀዋል፤ በማሩ ውስጥ የቢራ ቅመም የሆነውን ሆፕስ መጨመር እንደሚቻልም ይናገራል፤ መጠኑ ግን ለ1,000 ፓውንድ ማር ከ1 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ለመቶ ኪሎ ማር መቶ ግራም ማለት ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ያሰቡት የአውሮፓን የማር መጠጥ ነው፤ ጌሾን አላሰቡትም። ጌሾ ሆፕስ አይደለም፤ ዝርያውም ሌላ ነው፤ ጠጅ ጣይ እናቶቻችን የሚጨምሩት መጠንም ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በአገር ቤት ሥርዓት የተጣለ ጠጅ ከመደበኛው የማር ወይን ሳጥን ይወጣል። ቀመሩ ተጽፎ ለቢሮው መቅረብ አለበት፦ ስንት ማር፣ ስንት ውኃ፣ ቅጠሉ ነው እንጨቱ፣ በየትኛው ደረጃ ገብቶ በየትኛው ይወጣል። ጌሾው ለምግብነት ደኅና ተብሎ የሚታወቅ መሆኑንም ማሳየት ይጠይቃል፤ የዚህ ጉዳይ ሥልጣን ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ነው። ኬሚስትሪ የማያውቅ ጠበቃ ይህን ማመልከቻ ደንበኛው እንደነገረው ገልብጦ ይልከዋል። የሚያውቀው ግን ጥንስሱ ላይ ቆሞ ይጠይቃል፦ ጌሾውን ታፈላዋለህ ወይስ እንዲሁ ትዘፈዝፈዋለህ? ሲወጣ ይጨመቃል? ጋኑን ታጥናለህ ወይ? የምታጥነውስ በወይራ ነው? እያንዳንዱ መልስ ቀመሩን ይለውጣልና።

ቀጥሎ አልኮሉ ይመጣል። የፌዴራሉ የአልኮል አስተዳደር ዐዋጅ ወይን የሚለው ከ7 እስከ 24 በመቶ አልኮል ያለውን ነው። ጠጁ 7 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የጠርሙሱ ጽሑፍ ቀድሞ ለቲቲቢ ቀርቦ ይጸድቃል። ከ7 በታች ከሆነ የጽሑፉ ሕግ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ይሆናል፤ ከሌላ ምግብ ጋር የሚጋራው የንጥረ ነገርና የካሎሪ ሰንጠረዥ ይመጣል። ቀረጡ ግን በሁለቱም የቲቲቢ ነው። አንድ ጋን በ6.8፣ ሌላው ጋን በ7.3 ቢያቆም በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት፣ በሁለት የጽሑፍ ሕግ የሚገዛ ጠጅ ተጣለ ማለት ነው። የቤት ጠጅ ደግሞ በተፈጥሮው አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። እርሾው ካልተገደለ ወይም ካልተጣራ ጠርሙስ ውስጥም ሥራውን ይቀጥላል፤ ስኳሩ ይቀንሳል፣ አልኮሉ ይጨምራል፣ ጋዙ ይጠራቀማል።

ጋዙ የራሱ ቁጥር አለው። በ100 ሚሊ ሊትር ወይን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.392 ግራም ካላለፈ ወይኑ እንደ ረጋ ወይን ይቆጠራል፤ አልኮሉ እስከ 16 በመቶ ከሆነ መደበኛው ቀረጥ በጋሎን 1.07 ዶላር ነው። ካለፈ ግን እንደ ሻምፓኝ ይቆጠርና 3.40 ዶላር ይሆናል። አነስተኛ አምራቾች ከሁለቱም ላይ ቅናሽ ቢያገኙም ልዩነቱ ልዩነት ነው። የ2017ቱ የቀረጥ ሕግ ለማር ወይን ልዩ በር ከፍቷል፤ አልኮሉ ከ8.5 በመቶ በታች ለሆነና ከማርና ከውኃ ብቻ ለተሠራ መጠጥ የጋዙን ጣሪያ ወደ 0.64 ግራም ከፍ አድርጎታል። ጌሾ የገባበት ጠጅ ከማርና ከውኃ ብቻ የተሠራ ነው ሊባል ይችላል? አልኮሉ የመጣው ከማሩ ነው፤ ጌሾው ምሬቱንና ጠረኑን ነው የሚሰጠው። ጠበቃው እዚህ ቦታ መሐንዲስም ተከራካሪም ይሆናል፦ የመፍላቱን ሂደት አስረድቶ፣ ሕግ አውጪዎቹ ይህን በር ሲከፍቱ ማንን ሊጠቅሙ እንደፈለጉ ያሳያል።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ የመሰለው ሰው ካለ በ2010 ኮምቡቻ የተባለው የሻይ መጠጥ የገጠመውን ማየት ይበቃዋል። አምራቾቹ ያሸጉት ከ0.5 በመቶ በታች አድርገው ነበር፤ ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ እያለ ግን መፍላቱን ቀጥሎ ገደቡን የሚያልፍ ተገኘ። ሆል ፉድስ የተባለው ትልቅ የሱቆች ድርጅት ምርቱን ከየመደርደሪያው አወረደ። ሕጉ የሚጠይቀው ሲታሸግ ስንት ነበር ብሎ ብቻ አይደለም፤ ጠጪው እጅ ሲደርስም ጭምር ነው። ቀዝቃዛ ሰንሰለቱን፣ የእርሾውን ሕይወትና የስኳሩን ቅሪት ያልመረመረ ጠበቃ ደንበኛውን ከዚህ ሊጠብቀው አይችልም።

ከጠርሙሱ ወጥተን ወደ ገበያው ስንሄድ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ታሪኩ ይበረታል። ከክልከላው በፊት የአሜሪካ መጠጥ ቤቶች ብዙዎቹ በጠማቂዎች እጅ ነበሩ። ፋብሪካው ለቤቱ ባለቤት ብድር ይሰጣል፣ ባንኮኒውንና መስተዋቱን ይገዛል፣ የፈቃድ ክፍያውን ይሸፍናል፤ ባለቤቱም የዚያን ፋብሪካ ቢራ ብቻ፣ በተቻለ መጠን ብዙ አድርጎ ይሸጣል። ፎስዲክና ስኮት ይህ እንዳይመለስ አጥብቀው ጻፉ። ከ1933 በኋላ የበቀለው ሥርዓት አምራችን፣ አከፋፋይንና ቸርቻሪን ለያየ፤ አንዱ በሌላው ሥራ ውስጥ ድርሻ እንዳይኖረው ከለከለ። በ1935 የወጣው የፌዴራል ዐዋጅ ደግሞ አምራቹ ለቸርቻሪው ዋጋ ያለው ነገር ሰጥቶ ሌላውን ምርት እንዳያስወጣበት አደረገ።

አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር መጠጥ ቤት የተቀመጠ ሰው ዙሪያውን ቢያይ የቢራ ፋብሪካ ስም የተጻፈባቸው ወንበሮች፣ ጠረጴዛዎችና ፍሪጆች ያያል። ለእኛ ይህ የተለመደ የንግድ ወዳጅነት ነው። አገር ቤት መጠጥ ቤት የነበረው ሰው ዋሽንግተን አካባቢ ሲከፍት አከፋፋዩን ፍሪጅ መጠየቁ ምንም ነውር አይታየውም። እዚያ ግን ፍሪጁ በጥቅሉ የተከለከለ ስጦታ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም በየግዛቱ ሕግ ፈቃዳቸውን አደጋ ላይ ይጥላሉ። ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ ማስረዳት የጠበቃው ግዴታ ነው፤ በኔ ግምት ስለ ድርጅት ምዝገባ ከሚሰጠው ምክር የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ድርጅቱን ማቋቋም ራሱም ቢሆን ከሌላ ንግድ ይለያል። የመጠጥ ፈቃድ ማመልከቻ በብዙ ቦታ የገንዘቡን ምንጭ ይጠይቃል፤ ከትርፉ የሚካፈል ሁሉ በስሙ እንዲቀርብም ይፈልጋል። የእኛ ሰው ደግሞ ምግብ ቤት የሚከፍተው ብዙ ጊዜ በዕቁብ ነው፤ ከእህት ባል የተበደረው አለ፣ "ሲያተርፍ ታካፍለኛለህ" ብሎ የሰጠ አብሮ አደግ አለ። ዕቁቡ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ግን ሰብሳቢው፣ ዙሩና የደረሰው መጠን በጽሑፍ ሊታይ ይገባል። የአብሮ አደጉ ቃል ግን ከብድር ወደ ባለድርሻነት ይሻገራል፤ ሰውየው ካልተመዘገበ የተደበቀ ባለቤት ይባላል፤ ያው ሰው የመጠጥ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ድርሻ ቢኖረው ደግሞ የአምራች፣ የአከፋፋይና የቸርቻሪ መለያየት ይፈርሳል። ጠበቃው የዘመድ ገንዘብ የመጣበትን መንገድ ከምንጩ እስከ ባንክ ደብተሩ በሥዕል ሲያወጣው የቀድሞ ሙያው ይረዳዋል፤ ሽማግሌ የሚያስማማውን የቃል ውል ወደ ጽሑፍ ለማምጣት ግን ትዕግሥትና የቤተሰብ ነገር ማወቅ ያስፈልገዋል።

ሃያ አንደኛው ማሻሻያ ክልከላውን ሲሽር ሥልጣኑን በአብዛኛው ለግዛቶች ነው የተወው። ውጤቱን ለማየት ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከፖቶማክ ወንዝ አካባቢ የተሻለ ቦታ የለም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጠንካራውም ቀላሉም መጠጥ በግል ነጋዴ እጅ ነው። ምግብ ቤቱ ፈቃድ ሲጠይቅ ማስታወቂያ በሩ ላይ ይለጠፋል፤ የሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን ወይም የተሰባሰቡ ነዋሪዎች ሊቃወሙት ይችላሉ፤ ብዙው ጉዳይ የሚያልቀው ስለ መዝጊያ ሰዓትና ስለ ሙዚቃ ድምፅ በሚደረግ የጽሑፍ ስምምነት ነው። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የገባ ሰው ዊስኪና ጂን የሚገዛው ከግዛቱ መንግሥት መደብር ብቻ ነው። ከዲሲ ወደ ሰሜን ሲልቨር ስፕሪንግ የሄደ ደግሞ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ገብቷል፤ እዚያ የጅምላ አከፋፋዩ ካውንቲው ራሱ ነው፤ የቢራው መኪና የመንግሥት ነው። አንድ ባለቤት በሦስቱም ቦታ ክትፎና ጠጅ ቢያቀርብ ሦስት የተለያዩ የአቅርቦት መስመሮች ይኖሩታል።

በነዚህ ቦታዎች የሐበሻ ምግብ ቤቶችን ከሌላው ይልቅ የሚፈትን አንድ ነገር አለ። በዲሲም በቨርጂኒያም የምግብ ቤት ፈቃድ የያዘ ሰው ከገቢው የተወሰነ ድርሻ ከምግብ እንዲያገኝ ይጠበቅበታል፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለምግብ ቤት እንጂ ለመሸታ ቤት አይደለምና። የእኛ ቤቶች ግን ሁለት ኑሮ አላቸው፦ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በየዓይነቱና ጥብስ፣ ከዚያ በኋላ ሙዚቃና ጠርሙስ። አንድ በየዓይነቱ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ሦስቱ ግን ለየራሳቸው ይጠጣሉ። የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ የምግቡ ድርሻ ከሚፈለገው ሊያንስ ይችላል። ይህ የሚስተካከለው በታኅሣሥ አይደለም። መሐንዲሱ ጠበቃ ገና ፈቃዱ ሲጠየቅ የወንበሩን ቁጥር፣ የምግቡን ዋጋና የሌሊቱን ሽያጭ በሰንጠረዥ አስቀምጦ ድርሻው በየወሩ እንዲታይ ያደርጋል፤ የማያዋጣ ከሆነም ሌላ ዓይነት ፈቃድ እንዲጠየቅ ይመክራል።

ግዛቶች ሥልጣን ቢኖራቸውም ገደብ የለሽ አይደለም። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚሺጋንና ኒው ዮርክ የራሳቸው ወይን አምራቾች በቀጥታ ለጠጪው እንዲልኩ ፈቅደው የሌላውን ግዛት አምራች መከልከላቸውን በ5 ለ4 ድምፅ ሻረው። በ2019 ደግሞ የቴነሲ ሕግ ተራው ደረሰ፤ ሕጉ የመጠጥ መደብር ለመክፈት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሁለት ዓመት በግዛቲቱ እንዲኖር ያስገድድ ነበር። ክርክሩን ካስነሡት መካከል ለልጃቸው ጤና ሲሉ ከዩታ ወደ ሜምፊስ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ሕጉን ሻረ፤ አካባቢውን የማያውቅ ሰው ይጎዳል የሚለው ክርክር አላሳመነም፤ ሕጉ ለሕዝብ ጤና የሚሰጠው ጥቅም አልታየም፤ የታየው ነባሮቹን ነጋዴዎች ከተፎካካሪ መጠበቁ ነው። ከአገር ወደ አገር፣ ከግዛት ወደ ግዛት እየተዛወረ ለሚነግድ ስደተኛ ይህ ፍርድ ትልቅ ነገር ነው። እንደ 3.2 ሁሉ "ሁለት ዓመት" ማለትም ቁጥር ነበር፤ እነማን ተስማሙበት ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያጣ ቁጥር።

የጠጁ አምራች ቀመሩ ጸድቆ፣ ጽሑፉ ተፈቅዶ፣ የመጀመሪያው አከፋፋይ ውል ይዞ ሲመጣ ደስታው ብዙ ነው። ጠበቃው ግን ከማስፈረሙ በፊት የሚያነበው የመጨረሻውን ገጽ ነው። በብዙ ግዛቶች አከፋፋይን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ በተለይ በቢራ፣ በአንዳንዶቹም በወይን። ሕጉ የወጣው ትልልቅ ፋብሪካዎች መኪናና መጋዘን የገዛላቸውን ትንሽ አከፋፋይ በአንድ ደብዳቤ እንዳያባርሩት ነው። ዛሬ ግን ትንሹ ብዙ ጊዜ አምራቹ ነው፤ አንድ ጊዜ የሽያጭ ክልሉን ለአከፋፋይ ከሰጠ፣ በቂ ምክንያት ሳያሳይ ወይም ካሣ ሳይከፍል ሊያወጣው አይችልም፤ ውሉ "ለአንድ ዓመት" ቢልም ሕጉ ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ ጠበቃው ለአንድ ከተማ ብቻ ስጠው፣ በዓመት ስንት ሣጥን እንደሚሸጥ በቁጥር ይጻፍ፣ ቁጥሩ ካልተሟላ እንደ በቂ ምክንያት ይቆጠር ይለዋል። ደንበኛው ስንት ሣጥን እንበል ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱ ወረቀት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጋኖቹ ስንት ናቸው፣ አንዱ ጋን በስንት ሳምንት ይደርሳል፣ ከአንዱስ ስንት ጠርሙስ ይወጣል።